ጌታሁንና የወደብ ወፎቹ

ባለፈው ጥር ማጀቴ ለአንዲት የድሮ ደንበኛዬ ልጅ ሠርግ ተጠርቼ ስመለስ ካራቆሬ ላይ ሚኒባስ አጥቼ ቆምኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እግሬም እንደ ድሮው አይደለም፣ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ገብቼ ተቀመጥኩና ፓፓያ አዘዝኩ። ገና አንዴ ፉት እንዳልኩ ከራሴ በላይ ድምፅ ሰማሁ፤ የልጆች የፕላስቲክ ጡሩምባ ከሩቅ ሲነፋ የሚመስል፣ አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚል። ሰውነቴን ወረረኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከጣሪያው ማገር ላይ የሽቦ ጎጆ ተንጠልጥሏል። ውስጡ አውራ ጣት የሚያህሉ ግራጫ ወፎች ይዘላሉ፤ ምንቃራቸው ደም መስሏል፣ የወንዶቹ ጉንጭ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ የተለጠፈበት ይመስላል።

ባለቤቱ፣ ጺሙ ገና ያቀመቀመ ወጣት፣ ዓይኔን ተከትሎ ሳቀ። «ወደዷቸው እንዴ እማማ?»

«ከየት አመጣሃቸው?»

«እነዚህማ የጌታሁን ዘር ናቸው። ሸዋ ሮቢት አንድ ጌታሁን የሚባል ሰውዬ አለ፤ በዚህ መስመር ያለ ወፍ ሁሉ ከሱ ቤት የወጣ ነው ይባላል። ያውቁታል?»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። «ወንድሜ ነው» አልኩ። ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ! ልጁ የጠጣሁበትን አልቀበልም ብሎ ተገዘተ፣ ሚኒባስም እሱው አስቁሞ ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። እስከ ሮቢት ድረስ መስኮቱን ከፍቼ የማሽላውን ማሳ እያየሁ መጣሁ፤ ልቤ ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን ወዲያ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እዘባርቃለሁ፤ ሻይ በስሙኒ እንደነበር ግን አልረሳም፣ ሙዝ በዘለላ እንጂ በኪሎ እንዳልነበርም። ልጃገረዱ ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ሸሚዝ ካልለበስኩ የሚልበት፣ ጎረምሳው የቴትሮን ሱሪውን ከወገቡ ሰብሰብ አድርጌ እንድሰፋለት የሚለማመጠኝ ጊዜ ነበር። ቤቴ ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ በረንዳው ላይ የልብስ ስፌት መኪናዬ፣ ከጎኑ የከሰል ካውያዬ። ከፊት ለፊቴ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ አንድ ዘፈን የወደደ እንደሆነ ክሩ እስኪላላና ዘፋኙ እንደ ሰካራም እስኪጎተት ድረስ ያዘፍነዋል። ከደብረ ሲና የወረደ አውቶቡስ ሲቆም መንገደኛው ጃኬቱንና ጋቢውን ከላዩ እየገፈፈ ይወርዳል፤ የኛ ሴቶች ማንጎና ፓፓያቸውን ከፍ አድርገው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ዛሬ ያ በረንዳ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። አከራይቼው ነው። ሳልፍ ግን እጄ አሁንም የካውያውን ቦታ ይፈልጋል።

ጌታሁን ታናሼ ነው። የዚያን ጊዜ ወታደሩ ሁሉ ተበትኖ በየመንገዱ ወደ ቤቱ ሲጎርፍ እሱም በእግሩ መጣ። ያን ሰሞን እኔን ልትጠይቅ ከገጠር መጥታ የነበረችው እማዬ በሬ ላይ ስታየው እልል ልትል አፏን ከፍታ እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ልጁ ደህና ነው፤ እጁም እግሩም አልጎደለም፣ የጥይት ጠባሳ እንኳ የለበትም። ሰላም አለንና ተቀመጠ፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል ጠፋ። «ውሃ ስጡኝ» እና «ጠግቤያለሁ» ካልሆነ በቀር ወሬው አለቀ። ያ በየሠርጉ ሲዘፍን የነበረው ልጅ!

አባባ ቀወት ገጠር ያርሱ ነበርና «ይምጣ፣ መሬት ያድነዋል» አሉ። ወሰዱት። ክረምቱ አልፎ ግን ማሽላ የሚያሽትበት ወቅት ደረሰ። የኛን አገር የሚያውቅ ያውቃል፤ ማሽላ ሲያሽት ግሪሳ እንደ ደመና ይወርዳል። ልጅ አዋቂው ማማ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ማታ ጅራፍ ያጮሃል፣ ወንጭፍ ያፏጫል። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ጌታሁን ካለበት መሬት ላይ ይወድቃል፤ ራሱን በክንዱ ሸፍኖ ይተኛል። የሰፈሩ ልጆች መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። አባባ ግን አልሳቁም። አንድ ጠዋት በቅሏቸው ላይ አፈናጥጠው ወደኔ አመጡትና «አስኔ፣ አንቺ ጋ ይሁን። እኔ ጅራፍ ካላስጮህኩ የምበላው የለኝም» ብለው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። እማዬም ልጇን ተከትላ መጥታ እኔ ጋ ቀረች።

ወፎቹን ያመጣቸው ሰይድ ነው። ሰይድ የይፋት ልጅ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ በወደብ መስመር ሲመላለስ ልብሱን እኔ ዘንድ የሚያሰፋ ወዳጃችን ነበር። አንድ ቀን ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት መኪናውን አቁሞ በጨርቅ የተሸፈነ ጎጆ ይዞ ወረደ።

«አስናቀች፣ ወላሂ ሊሞቱብኝ ነው። ወደብ ላይ አንድ ወዳጄ ሰጥቶኝ ነበር። ጋቢናው ምድጃ ሆኗል። ውሃ ስጡልኝና ስመለስ እወስዳቸዋለሁ።»

እኔ ደንበኛ እየለካሁ ነበር። ከኋላዬ ጌታሁን ተነስቶ ጎጆውን ከሰይድ እጅ ተቀበለና ጓዳ ገባ። ማንም ሳይጠራው ሲነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ጓዳ ስገባ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጥጥ በውሃ እየነከረ ምንቃራቸው ላይ ያንጠባጥባል። ሰይድ ከመንገዱ ተመልሶ ሲመጣ ጌታሁን ሲንከባከባቸው አየና ስለ ወፎቹ ሳያነሳ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

የከተማው ሰው የወደብ ወፍ አላቸው። ፊንች እንደሚባሉ ያወቅነው ብዙ ቆይተን ነው። ጌታሁን ከአናጢ ቤት ቁርጥራጭ እንጨት ለቃቅሞ ሰፋ ያለ ጎጆ ሠራላቸው፣ እማዬ ከአክርማና ከስንደዶ ሣር ክዳንና መግቢያ ቀዳዳ ያላት ሎሚ ማስቀመጫ የምታክል ሙዳይ ሰፋችላቸው። ሴቷ ወዲያው ወደደቻት። ክር ከስፌት መኪናዬ ሥር እየለቀምኩ እሰጣት ነበር፤ እሷም የሸዋ ሮቢት ቀሚሶች ሁሉ ቅዳጅ የሞላበት ቤት ሠራች። ብዙም ሳይቆይ እንቁላል ጣለች። ነጭ፣ ከአደንጓሬ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ። ጌታሁን እጄን ይዞ ወስዶ አሳየኝ። ዓይኑ በርቶ ነበር። እኔም ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ ለጎረቤት ለፈለፍኩ፤ ሰው ሊያይ ጎረፈ፣ ሙዳይቱን እየገለጠ ጉድ አለ። ከዚያ አንድ ጠዋት እንቁላሎቹ ጎጆው ወለል ላይ ፈሰው ተገኙ። እማዬ «ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው» ብላ አለቀሰች። ጌታሁን ወለሉን በጨርቅ ጠራርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምሳም ራትም እምቢ አለ።

ያኔ የገባኝ ነገር አለ። እነዚያ እንቁላሎች ለሌላው ሰው መጫወቻ ነበሩ፤ ለሱ ግን አንድ የያዘው ገመድ ነበሩ። ገመዱ ቢበጠስ ወዴት እንደሚወድቅ አላውቅም ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም የወፍ ነገር እንቅልፍ የሚነሳኝ ሆንኩ።

ሴቷ እንደገና ለመጣል ስትዘጋጅ ታመመች። ላባዋን ነፍታ፣ ክንፏን ጥላ፣ ወለሉ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። ጌታሁን አንስቶ ሆዷን በጣቱ ዳበሰና «እንቁላሉ ተቀርቅሮባታል» አለ። ካውያዬ ግሎ ነበር፤ ፍላኔል ጨርቅ እያሞቅሁ አቀብለዋለሁ፣ እሱ ይጠቀልላታል፣ እማዬ የኑግ ዘይት በላባ ጫፍ ታንጠባጥባለች። ደንበኞቼ በረንዳው ላይ ይጣራሉ። አንዱ «ሱሪዬስ?» ብሎ ሲጮህ «ምጥ ላይ ነን!» ብዬ መለስኩለት፤ ሰውየው ደንግጦ ቆቡን አውልቆ ቁጭ አለ። ብዙ ቆይታ እንቁላሉን ወለደችው። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ሲነኩት የሚሰረጎድ ነበር።

እማዬ አየችውና «ይቺማ ኖራ አጥታ ነው። የገጠር ዶሮ የቤት ግድግዳ ስትጭር አላያችሁም?» አለች። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት አመሰች፣ በሙቀጫ ወቀጠች፣ ለወፏ ሰጠች። ወፏ እንደ ጉድ በላችው። በሚቀጥለው የጣለቻቸው እንቁላሎች ጠንካራ ነበሩ። ሆኖም እነሱም ወለል ላይ ተገኙ።

በዚህ ጊዜ ጌታሁን ወደ ግድግዳው አልዞረም። ወንበር ጎትቶ ከጎጆው ፊት ተቀመጠና ቀኑን ሙሉ ማየት ጀመረ፤ በማግስቱም እንዲሁ። እኔ ከዛር ቆጥሬው ለጠበል ልወስደው አስቤ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ክር ስቆርጥ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«እታለም፣ ወፏ አልታመመችም።»

«ታዲያ ምን ሆና ነው?»

«ትደነግጣለች። ከጣርማ በር የወረደ መኪና ጡሩምባውን ሲለቀው ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሳታስበው ተስፈንጥራ ትወጣለች፣ እንቁላሎቹን በእግሯ ትጥላቸዋለች። ወዳ አይደለም።» መቀሴን ይዤ ቀረሁ፤ ከመጣ ወዲህ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ ቀስ ብሎ «እኔም እንደዚያው ነኝ» አለ።

ስለ ራሱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ላቅፈው ፈልጌ ነበር፤ እንዳይደነግጥ ብዬ ተውኩት። ተነስቼ ወደ መኝታ ክፍሌ ሄድኩና አልጋዬን ማፍረስ ጀመርኩ። ያ ክፍል ከቤቱ ኋላ፣ በማንጎው ሥር፣ ፊቱ ወደ ሮቢ ወንዝ የዞረ፣ የመኪና ድምፅ ብዙ የማይደርስበት ነው። እማዬ «አንቺስ የት ልትተኚ?» ስትለኝ «ከስፌት መኪናዬ ጋ» አልኳት። ጎጆውንም ጌታሁንንም እዚያ አስገባሁ። በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ሊያይ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ መለስኩ። ብዙ ሰው ተቀየመኝ። ግድ አልነበረኝም።

ከዚያ ወፏ ተኛች። እንቁላሎቿን ታቅፋ ሳትነሳ ሰነበተች፣ ወንዱም እየቀየራት ያቅፋል። እኛም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። የመፈልፈያ ጊዜያቸው አለፈ። ጌታሁን በመጨረሻ አንዱን እንቁላል ሰበረው፤ ውስጡ ጫጩት ነበረች፣ ምንቃሯ ሳይቀር የተሠራ፣ ሽፋኑ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣብቆባት የሞተች። ሌሎቹም እንደዚያው። ይሄ ከሁሉም የባሰ ነበር። ጎጆውን በጨርቅ ሸፈነና ሰይድ እስኪመጣ ጠበቀ። ሲመጣም በረንዳው ላይ አውጥቶ እግሩ ሥር አስቀመጠለት።

«ውሰዳቸው። እዚህ አገር አይሆኑም።»

ሰይድ ላቡን በፎጣው እየጠረገ አየው። «የት ልውሰዳቸው? እኔ እንደሁ ቤቴ መንገድ ነው። እዚያማ ያለ ሥራ ይፈለፍሉ ነበር፤ ወዳጄ ለሰው ሰጥቶ አይጨርሳቸውም። ምኑ እንደሚስማማቸው አላህ ይወቅ። ወደብ ብሎ ነገር የሰው አገር አይደለም፤ ሸሚዝህን ብታጥብ አይደርቅ፣ ግድግዳው ሁሉ ያልበዋል...»

ጌታሁን ቀና አለ። «ግድግዳው ምን?»

«ያልበዋል። ከባሕሩ ነዋ። እንደናንተ አገር ደረቅ መስሎህ?»

ጌታሁን ጎጆውን አንስቶ ወደ ኋላ ክፍል ይዞት ገባ። ሰይድ «ውሰድ አላልከኝም እንዴ?» እያለ ቀረ። ከቆይታ በኋላ ስገባ ጆንያ በውሃ ነክሮ መስኮቱ ላይ ሰቅሏል፤ ወለሉን አርሷል፣ ለወፎቹ መታጠቢያ የሚሆን ጣባ አስቀምጧል። ሴቷ ጣባው ውስጥ ገብታ ክንፏን እያራገበች ስትታጠብ፣ በራሰ ላባዋ ተመልሳ ሙዳይዋ ውስጥ ስትገባ አየሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ውሃ መቅዳት ሥራው ሆነ። ጆንያው ደርቆ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ የጣለቻቸው እንቁላሎች የተፈለፈሉት የቅዳሜ ገበያ ጠዋት ነው። ስፌት መኪናዬ ጋ ተቀምጬ «እታለም!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጩኸት ነው የምላችሁ! የካሴት ቤቱ ሰውዬ እንኳ ዘፈኑን ቀነሰ። ስገባ ጌታሁን ጆሮውን ሙዳይቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል። እኔም ለጠፍኩ። ከውስጥ ጥርስ ሲፋጭ የመሰለ፣ ቀጭን፣ የረሃብ ድምፅ። እማዬ ያን ጉሮሮዋ ላይ የቀረ እልልታ ያን ዕለት ለቀቀችው፤ ገበያተኛው ወንድ ልጅ ተወለደ ብሎ ደጃችን ላይ ቆመ።

አባባ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ጌታሁን ጤፍ በውሃ ነክሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሮ ለወፎቹ ሲያቀርብ አገኙት። «ጤፍ! ለወፍ!» አሉ ዱላቸውን መሬት ላይ መትተው። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከወፍ ጋር ጦር ስማዘዝ የኖርኩ ሰውዬ፣ ልጄ ለጠላቴ ግብር ያበላል!» ጌታሁን ሙዳይቱን ገለጥ አድርጎ አሳያቸው። እናቲቱ ጫጩቶቹን ታጎርሳለች። አባባ ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ መጀመሪያ ወፎቹን፣ ከዚያ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ አየኋቸው። ዱላቸውን ይዘው ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልቻ ሙሉ የማሽላ እሸት፣ ገና ወተት የሚተፋውን፣ አምጥተው ጉልበቱ ላይ አራገፉለት። «ወፍ የምትወደው ይሄንን ነው» አሉ። «ከኔ ወዲያ ማን ያውቃል? ዕድሜዬን ሙሉ ስከለክላት ኖሬ።» ጌታሁን ጉልበታቸውን ሳመ።

ከዚያ ወዲያ ተባዙ። ፀጉር ቤቱ ሰቀለ፣ ሆቴሉ ሰቀለ፣ ሹፌሮች እየወሰዱ ከላይ ደብረ ሲና ከታች ኮምቦልቻ አደረሷቸው። የደጋው ብርድ ለእንቁላል ሌላ መላ ይፈልጋል፤ ጌታሁን ለያንዳንዱ እንደ አገሩ ይነግረው ነበር፣ ቤታችን ምክር ጠያቂ አይለየውም። ዛሬ ጌታሁን ጸጉሩ ሸብቷል፣ ሚስቱና ልጆቹ ከበውት ያው ማንጎ ሥር ይኖራል፣ ሴት ልጁም የእንስሳት ጤና ተምራለች። በከተማው ስሄድ «የጌታሁን እህት» ይሉኛል፤ ስንት ሙሽራ ያለበስኩት እኔ በወንድሜ ስም ስጠራ ደረቴ ይነፋል። ግን ከሁሉ የማስበልጠው አንድ ቀን አለኝ፤ እሱን ነግሬያችሁ ላብቃ።

ወፎቹ ገና መባዛት በጀመሩ ሰሞን ሐሊማ የምትባል የማጀቴ ነጋዴ ከጌታሁን ጥንድ ወፍ ወስዳ ነበር። ወራት ቆይታ ተመልሳ መጣች፣ ተናዳ። «እትዬ አስናቀች፣ ወላሂ ወንድምሽ ጉድ ሠራኝ! ሙዳዩ በእንቁላል ሞልቶ እስከ አፉ ደርሷል። ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ያቅፋሉ። አንድም አልፈለፈለ!»

ጌታሁን ከኋላዬ ሰማት። «ሁለቱም ይጥላሉ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ጉንጫቸውስ? ብርቱካናማ አለበት?»

ሐሊማ አሰበች። «የለበትም። አንዳቸውም።»

ያኔ ጌታሁን ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ላባቸው ሳይለይ በልጅነታቸው ሰጥቷት ኖሮ ሁለቱም ሴቶች ነበሩ። ሐሊማ መጀመሪያ ተኮሳትራ ቆይታ እሷም ሳቀች። እማዬ ሳቁን ስትሰማ ከጓዳ ሊጥ በእጇ ይዛ ወጣች።

«እኔው ራሴ መጥቼ ወንድ እሰጥሻለሁ» አላት ጌታሁን። ከገጠር ከተመለሰ ጀምሮ ከከተማው ወጥቶ አያውቅም፤ አውቶቡስ መናኸሪያው ጡሩምባ ያለበት ነውና በዚያ በኩል እንኳ አያልፍም ነበር። በማግስቱ ግን የሰፋሁለትን ሱሪ ለብሶ፣ ወንዱን ወፍ በካርቶን ይዞ ወጣ። ልከተለው ስነሳ እማዬ ቀሚሴን ያዘች፤ «ተይው፣ ይሂድ» አለች።

ማጀቴ አደረ። እኛ ያን ቀን ምን እንደሠራን አላስታውስም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ሲወርድ ከበረንዳዬ አየሁት። አቧራ ለብሶ፣ ማጀቴ በሰጡት ሙዝ እጁ ሞልቶ፣ ከመንገደኞች ጋር እየተሳሳቀ። ገብቶ ሳይቀመጥ ጀመረ። አውቶቡሱ ተበላሽቶ ሰው ሁሉ እንደገፋ፣ ካርቶኑ ውስጥ ወፉ ሲጮህ ሰው ምንድነው እንዳለው፣ እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ ለመላው አውቶቡስ እንደነገረ፤ ጡሩምባው ሲነፋ እንደደነገጠ፣ ከጎኑ ያሉ አንድ ሽማግሌ እጁን እንደያዙት፣ እንዳላፈረም፤ ሐሊማ ቤት ወንዱ ገና ሲገባ እንደ ዘፈነ፣ ሴቶቹ እንቁላላቸውን ትተው እንደከበቡት። እጁ እየተወራጨ፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን እየጀመረ። ድሮ ከሠርግ ሲመለስ እንዲሁ ነበር የሚያወራው።

ሲጨርስ እማዬ ከጎኑ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ጆሮዋ እንደ ጥንቸል ነበር፤ ጎረቤት ሲንሾካሾክ የሚሰማት ሴት ናት።

«አልሰማሁህም ልጄ» አለችው። «ጆሮዬ ደክሟል መሰለኝ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

እሱም አንድ ሙዝ ልጦ ሰጣትና ከመጀመሪያው ጀመረላት።